ስለ ሠርግ ልብስ ቀለም አመራረጥ

በአንድ ቤት ልጅ ሊዳር ሲል ከድግሱ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የልብሱ ቀለም ነው። የሙሽራዪቱ ጥለት ምን ዐይነት ይሁን፣ ሚዜዎቹስ ከእርሷ ጋራ ይመሳሰሉ ወይስ ይለዩ እየተባለ እናትና አክስት፣ እኅትና ሚዜ ለሳምንታት ይመካከራሉ። አንዷ ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው ስትል ሌላዪቱ ቀይ የደስታ ነው ትላለች። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ቀለም ትርጕም ከማግኘቱ በፊት ዋጋ እንደ ነበረውና ምርጫውም የሠራተኛውን እንጀራ የሚነካ እንደ ሆነ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነጭ የሠርግ ቀሚስ ጥንታዊ ሥርዐት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ተራይቱ ልጃገረድ የምታገባው ባላት ደኅና ልብስ ነበረ፤ ሰማያዊም ቡናማም አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። ልብሱ ከሠርጉ በኋላ ለብዙ ዓመት ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ ያገለግላልና፣ በጭቃና በከሰል ጢስ መካከል የምትኖር ሴት ነጭ ብትመርጥ ኪሳራው የራሷ ነው። የነገሥታት ልጆች ደግሞ በብር ክር የተሠራ ልብስ ይመርጡ ነበር። ልዕልት ሻርሎት በ1816 ስታገባ የለበሰችው እንዲህ ያለውን ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ የካቲት 10 ቀን 1840 በለንደን ልዑል አልበርትን ስታገባ ይህን ልማድ ትታ ነጭ የሐር ሳቲን ለበሰች። ሐሩ የተሠራው በለንደን በስፒታልፊልድስ ሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ ዳንቴሉም በዴቨን አውራጃ፣ በተለይም ቢር በምትባል መንደር፣ ከሁለት መቶ በሚበልጡ ሴቶች እጅ ለወራት ተሠራ። የእጅ ዳንቴል ሠሪዎች በዚያ ዘመን ክፉኛ ተቸግረው ነበር፤ ጆን ሂትኮት ከ1808 ጀምሮ በፈለሰፈው መኪና የሚሠራው መረብ መሳይ ጨርቅ ገበያቸውን ወስዶባቸዋልና። ንግሥቲቱ የአገሯን ሠራተኞች ለመርዳት አሰበች፤ ዳንቴሉም ጐልቶ እንዲታይ ነጭ ልብስ ተስማሚ ሆነ። ቀሚሷን የያዙት ዐሥራ ሁለቱ ደናግልም ነጭ ለብሰው ነበር።

የንጽሕናው ትርጓሜ ከዚያ ወዲህ እየበረታ ሄደ። ጎዲስ ሌዲስ ቡክ የተባለው የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት በ1849፣ ማለትም ከዚያ ሠርግ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ነጭ ከጥንት ከመሠረቱ የሙሽራ ቀለም እንደ ሆነና ንጽሕናን እንደሚያመለክት ጻፈ። የጥንት ልማድ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ምን ያህል ወጣት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም።

በ1856 ደግሞ ዊልያም ፐርኪን የተባለ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ከከሰል ቅጥራን የወባ መድኀኒት ለማውጣት ሲደክም ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። በ1858 ቪክቶሪያ ታላቂቱን ልጇን ስትድር ራሷ ሐምራዊ ለብሳ ቀረበች፤ ያም ቀለም ፋሽን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቀለሞች ከፋብሪካ እየተከታተሉ ስለ ወጡ ባለቀለም ልብስ ረከሰ። እኛ እንደሚመስለን፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚለበስ ነጭ ቀሚስ የባለጸግነት ምልክት ለመሆን የቻለው ቀለም ለሁሉ ከተዳረሰ በኋላ ነው።

የአገራችን ነገር ከዚህ ይለያል። ሸማ ነጭ የሆነው ጥጡ ራሱ ነጭ ስለ ሆነ ነው፤ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን ሸማኔው ሳይነክረው ይሠራዋል። ውዱ ነገር በዳር የሚገባው ቀለም ነበረ። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ከህንድ የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ሸማኔዎች ክር በክር እየተረተሩ መልሰው በገዛ ሥራቸው ያስገቡት ነበር። ሌላው የሸመነውን ጨርቅ አፍርሶ ለአንድ ጣት ጥለት ማዋል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢው ይገምት። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ የሆነውም በዚህ ላይ ሲታሰብ አያስደንቅም። ለሙሽራዪቱ ቅርብ የነበረው ቀይ ሌላ ነው፤ የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ እጅና እግሯ ይቀባ ነበር። ይህ ቀለም ከመሬት የሚቈፈር ስለ ሆነ ድኻም ባለጸጋም እኩል ይጌጥበታል።

የጥለት ትርጕም በቀለሙ ብቻ አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። ያው አንድ ነጠላ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይለበሳል፤ በኀዘን ቀን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይወጣል። ቀለሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አለባበሱ ነው። ስለዚህ ይህ ቀለም ለሠርግ ይሆናል፣ ያ ግን አይሆንም እያሉ የሚሟገቱ ቤተ ሰቦች ክርክራቸውን ከልማዱ በላይ ያጠነከሩት ይመስለናል።

ዛሬ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሙሽራና የሚዜ ልብስ ይሠራሉ። ደምበኛው የቀለም ሥዕል ያሳያል፤ ሸማኔው የዚያን ዐይነት ክር ፈልጎ ይገዛል፤ ፋሽኑ ሲያልፍ የተረፈው ክር በእጁ ይቀራል። በአጠገቡም ጥለት መሳይ ሥዕል የታተመበት የውጭ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ስድስት ሚዜ አንድ ዐይነት ቀለም ቶሎ ይፈለግላቸው ሲባል፣ የታተመው ጨርቅ በእጅ የተሠራውን በቀላሉ ይቀድመዋል።

ስለ ዴቨን ዳንቴል አንድ ነገር እንጨምር። የቪክቶሪያ ዳንቴል አበባው በእጅ የተሠራ ሆኖ የተሰፋው በመኪና በተሠራው፣ ሠራተኞቹን ባስራበው በዚያው መረብ ላይ ነበር። በሽሮ ሜዳም ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ፈትል ነው፤ ማጉና ጥለቱ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ ነው።