«አለፈልኝ» ሲሉን

ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ነው። አንድ ጋሼ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል መጡ። ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው የነበረው ሕመም መንገድ ላይ ለቋቸዋል። «ልጄ፣ አለፈልኝ እኮ፤ ልሂድ» አሉኝ። ኢሲጂ አነሳኋቸው፤ ለእኔ ደህና መሰለኝ። ሲኒየሯ ግን ወረቀቱን አየት አድርጋ «የትም እንዳይሄዱ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ አንዲት ቃል ጨመረች፦ «ዌለንስ።»

ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ታሪኩን ያነበብኩት ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው።

በኢሲጂ ላይ ያሉትን ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየማቸው ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እዚያው ሆላንድ፣ ማስትሪክት ከተማ፣ ሃይን ዌለንስና ባልደረቦቹ በደረት ሕመም ተኝተው የሚታከሙ 145 ሰዎችን ወረቀት መረመሩ። በ26ቱ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አገኙ፦ ከደረት ፊት ለፊት በሚነሱት መስመሮች፣ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ ቲ ሞገድ ወይ ወጣ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወይ ጭራሽ ተገልብጦ ይጠልቃል።

የሚገርመው ሕመማቸው በመድኃኒት ታግሶ ነበር። ሆኖም ቀዶ ሕክምና ካላገኙት 16 ሰዎች 12ቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሃርት አታክ መታቸው። ይህ በ1982 ታተመ። በ1989 ደግሞ ከ1,260 ሕሙማን 180ዎቹ ላይ ምልክቱ ታየ፤ ሁሉም የልብን ፊት የሚመግበው ዋናው ደም ቅዳ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ጠቦባቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደም ቅዳው ሊዘጋ ደርሶ መልሶ ይከፈታል። ሕመሙ ይሄዳል፤ የተገለበጠው ሞገድ የዚያ አሻራ ሆኖ ይቀራል። ቧንቧው እንደገና ሲዘጋ ሞገዱ ቀና ሊል ይችላል። አስቡት፣ ወረቀቱ «ደህና» የሚመስለው ሰውየው ሲብስበት ነው! ለዚህም ነው እንዲህ ያለውን ሰው መሮጫ ማሽን ላይ አውጥቶ ልቡን መፈተን አደገኛ የሆነው። የሚያስፈልገው ቧንቧውን በአንጂዮግራም አይቶ ማስከፈት ነው።

ጋሼ እያጉረመረሙ ተኙ። ሲነጋ ሕመሙ ተመለሰባቸው፤ ደግነቱ እጃችን ላይ ነበሩ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ በራቸው ድረስ ሸኝቻቸው ነበር።

አባትሽ ወይም አጎትህ ደረቱን ይዞት «አለፈልኝ» ካለ፣ እሺ ብላችሁ አትተዉት። ሕመሙ ቢለቀውም ይመርመር።