የትውልድ ሐረግ ዘገባ ታሪክ፤ ከቁጥር ሠንጠረዥ እስከ ተቀጥላ ፕሮግራም

መግቢያ

የትውልድ ሐረግ ቈጠራ በማንኛውም ሕዝብ ዘንድ ለአንድ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተነሣ ሥራ ነው። ጥያቄው ግን ከአገር አገር ይለያያል። ባንዱ አገር መኳንንት የዘራቸውን ክብር ለማስመስከር ይቈጥራሉ፤ በሌላው ርስት ለመካፈል ይቈጠራል፤ በሌላው ደግሞ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ለመጠበቅ ይቈጠራል። ስለዚህ የተቈጠረው ዘር በወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚይዘው መልክ፥ ማለት ማን ቀድሞ እንደሚጻፍ፥ ማን እንደሚቀርና ቈጠራው የት ላይ እንደሚቆም፥ ጥያቄውን ባነሣው ሕዝብ ሕግና ልማድ የተወሰነ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ መልክ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ ምን እንደ ሆነ፥ ተራው ተጠቃሚ የራሱን ዘገባ አዘጋጅቶ በፕሮግራሙ ላይ እንዲቀጥል በሩ እንዴት እንደ ተከፈተ፥ ይህም ለአገራችን ዘር ቈጠራ ምን እንደሚጠቅም ነው። ዓመታቱ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ከኮምፒዩተር በፊት የነበሩ ሥርዐቶች

የአያት ቅድመ አያትን ዝርዝር በቁጥር የማስቀመጥ ዘዴ በኅትመት የታወቀው ኦስትሪያዊው ሚካኤል አይትሲንገር በ1590 በኮሎኝ ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በ1676 እስፓኛዊው መነኵሴ ኼሮኒሞ ዴ ሶሳ ተጠቀመበት፤ በ1898 ደግሞ ጀርመናዊው ሽቴፋን ኬኩሌ ፎን ሽትራዶኒትስ በሰፊው እንዲታወቅ አደረገው። ዘዴው ቀላል ነው። ዘሩ የሚቈጠርለት ሰው 1 ይባላል፤ የማንኛውም ሰው አባት የሰውየው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ ደግሞ በእጥፉ ላይ 1 ተጨምሮ ነው። ስለዚህ አባት 2፥ እናት 3፥ የአባት አባት 4፥ የእናት እናት 7 ይሆናሉ። ከቁጥሩ ብቻ መንገዱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ 13 የ6 እናት ናት፤ 6 የ3 አባት ነው፤ 3 የባለቤቱ እናት ናት። እንግዲህ 13 ማለት የእናት አባት እናት ማለት ነው።

ከላይ ወደ ታች ለሚወርደው ቈጠራ ግን ሌላ ሥርዐት አስፈለገ። በቦስተን በ1845 የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የትውልድ ሐረግ ማኅበር በመጽሔቱ ላይ ከ1870 ጀምሮ አንድ የአጻጻፍ ደንብ አወጣ። በ1935 ደግሞ ሬጂናልድ ቡካናን ሄንሪ ስለ አሜሪካ ፕሬዚደንቶች ቤተ ሰቦች በጻፈው ሥራ የልጆችን ተራ በአኃዝ እየቀጠለ ጻፈ፤ የ1 ሦስተኛ ልጅ 13፥ የእርሱም ሁለተኛ ልጅ 132 ይሆናል። በነዚህ ዐይነት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሐረጉ የሚከተለው የቤተ ሰቡን ስም የሚያወርሰውን ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ካገባች በኋላ ልጆቿ ወደ ሌላ መጽሐፍ ይሻገራሉ። ይህ የቁጥሩ ግዴታ አይደለም፤ የልማዱ እንጂ።

ለ. ደንቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

በ1984 የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ለግል ኮምፒዩተር የሚሆን የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራም አወጣ፤ በዚያው ዘመን ጌድኮም የተባለውን የመዝገብ መለዋወጫ ደንብ አበጀ። በጌድኮም እያንዳንዱ መሥመር ደረጃውን በሚያሳይ ቁጥር ይጀምራል፤ ቀጥሎ መለያ ቃል፥ ከዚያም ፍሬ ነገሩ ይከተላል። ለያንዳንዱ ሰው አንድ መዝገብ፥ ለያንዳንዱ ቤተ ሰብም ባልን፥ ሚስትንና ልጆችን የሚያያይዝ አንድ መዝገብ ይኖረዋል።

ይህ ደንብ መረጃውን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም አሻገረ፤ የዘገባውን መልክ ግን ነጻ አላወጣም። ተጠቃሚው የሚያገኘው የፕሮግራሙ ሠሪዎች የወሰኑትን ነበረ፤ ይኸውም የወላጆች ሠንጠረዥ፥ የቤተ ሰብ ቅጽና የተወላጆች ዝርዝር ነው። ሌላ ጥያቄ ያለው ሰው መልሱ በመዝገቡ ውስጥ ተኝቶ እያለ ማውጫ አጥቶ በእጁ ይገለብጥ ነበር።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዞ የተነሣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ዌትሞር ለዩኒክስ የጻፈው ላይፍላይንስ የተባለ ፕሮግራም ነው። ላይፍላይንስ ከተዘጋጁ ዘገባዎች ይልቅ ዘገባ መጻፊያ ቋንቋ ለተጠቃሚው ሰጠ። ሰው፥ ቤተ ሰብና የሰዎች ስብስብ በቋንቋው ውስጥ የታወቁ ነገሮች ስለ ነበሩ፥ ጥቂት መሥመር የጻፈ ሰው የፈለገውን ዝርዝር ማውጣት ቻለ። በ2001 ዶን አሊንግሃም የጀመረው ግራምፕስ ደግሞ በፓይተን ቋንቋ ተጽፎ፥ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ወጣ፤ ዘገባዎቹንም ከዋናው ፕሮግራም ነጥሎ በተቀጥላነት፥ በተለምዶ ፕላግኢን በሚባለው መልክ፥ አቀረበ። ፋሚሊ ሂስቶሪያን የተባለው የእንግሊዝ ፕሮግራምም በ2012 በወጣው አምስተኛ እትሙ፥ በብራዚል በ1993 በተፈጠረው በሉዋ ቋንቋ ተቀጥላ መጻፍን ፈቀደ።

የዚህ ለውጥ ትርጉም ከቴክኒክ ያለፈ ነው። የዘገባው መልክ በማኅበር ወይም በድርጅት እጅ ከመወሰን ወጥቶ፥ ጥያቄው ላለው ሰው ተሰጠ።

ሐ. ቀላል ተቀጥላ እንዴት ይሠራል

ለምሳሌ የግራምፕስን ፈጣን እይታ የሚባለውን ዐይነት እንመልከት። ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው፤ የተቀጥላውን ስም፥ ለየትኛው የግራምፕስ እትም እንደ ተሠራና በማን ላይ እንደሚሠራ፥ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቤተ ሰብ መሆኑን፥ ለዋናው ፕሮግራም ይነግራል። እትሙ የማይስማማ ከሆነ ፕሮግራሙ ተቀጥላውን አይቀበልም።

ሁለተኛው ፋይል ሥራውን ይይዛል። ሥራው ሲጠራ ሦስት ነገር ይቀበላል፤ መዝገቡን፥ የሚጻፍበትን ሰነድና የተመረጠውን ሰው። የሰውን ስም፥ የልደት ቀን፥ አባት፥ እናትና ልጆች የሚያመጡ ቀላል ትእዛዞች ተዘጋጅተው ስለሚገኙ፥ ጸሐፊው መዝገቡ በውስጥ እንዴት እንደ ተከማቸ ማወቅ አያስፈልገውም። ሠንጠረዥ፥ አርእስት፥ ምርጫና የታተመ መልክ የሚፈልግ ሙሉ ዘገባ ከዚህ የበለጠ ሥራ ይጠይቃል፤ ለመነሻ ግን ይህ ይበቃል።

የአይትሲንገር የ1590 ደንብ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሥራው ሰውየውን ከቁጥሩ ጋር ይጽፋል፤ ከዚያም ራሱን ደግሞ በመጥራት አባቱን በእጥፉ፥ እናቱን በእጥፉና 1 ቁጥር ይከተላል፤ የተወሰነው ትውልድ ሲሞላ ወይም ወላጅ ሳይገኝ ሲቀር ይቆማል። መቆሚያውን መርሳት ግን አደገኛ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ በስሕተት አንድ ሰው የራሱ ቅድመ አያት ሆኖ ከተያያዘ ሥራው ማለቂያ ያጣል።

መ. የአገራችን ጥያቄ

በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ዘር የሚቈጠረው በአባትም በእናትም ነው። ከአያት ወደ ቅድመ አያት፥ ወደ ቅማያት፥ ወደ ምንጅላት እያለ የሚወጣው ስያሜ ለየደረጃው የራሱን ቃል ያበጃል። አላን ሆበን በ1973 በታተመው የጎጃም ደጋ ዳሞት ጥናቱ እንዳስረዳው፥ ርስት ጠያቂ የሚከራከረው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም በኩል ዘሩን እያመለከተ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ይህ ሙግት መሠረቱን አጣ። ጋብቻን የሚመለከተው ቈጠራ፥ ይኸውም እስከ ሰባት ቤት ዘመድ እንዳይጋባ የሚለው ልማድ፥ ግን ከአዋጁ በኋላም አልጠፋም፤ በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ወገኖችም በዚሁ ልማድ ይታወቃሉ።

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጁት ዘገባዎች አይበቁም፤ የሚያስፈልገው የሁለት ሰዎችን የጋራ አያት የሚያወጣ ነው። ወላጆችን አንደኛ ብለን ብንጀምር እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉት ቦታዎች 254 ናቸው። ተቀጥላው የመጀመሪያውን ሰው 254 ቦታዎች ይሰበስባል፤ የሁለተኛውንም ይሰበስባል፤ በሁለቱም የተገኘውን ያትማል። ማነጻጸሩ በስም መሆን የለበትም፤ ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰው በአንድ አጥቢያ ብዙ ሊሆን ይችላል። በአይትሲንገር ቁጥርም መሆን የለበትም፤ አንድ አያት በሁለት መንገድ ሲደረስበት ሁለት ቁጥር ይይዛልና። መነጻጸር ያለበት መዝገቡ ለያንዳንዱ ሰው በሚሰጠው መለያ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ከዚህ ያልፋል። ተቀጥላው የጋራ አያት ባያገኝ ባዶ ወረቀት ያወጣል፤ ያየውም ሰው «ዝምድና የለም» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ነገር ግን ከ254ቱ ቦታዎች የተመዘገቡት ሠላሳ ብቻ ቢሆኑ ባዶው የመዝገቡ ጉድለት እንጂ የዝምድና አለመኖር ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ዘገባው ከመልሱ በላይ ስንት ቦታ እንደ ተሞላ ማተም ይገባዋል። ስማቸው ቶሎ የሚረሳው ብዙ ጊዜ በሴት በኩል ያሉት ስለ ሆኑ፥ በአባትና በእናት ወገን ለየብቻ ቢቈጠር የተሻለ ነው።

ሌሎች ሦስት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፥ ብዙ ዘገባዎች የቤተ ሰብ ስምን መደርደሪያ ያደርጋሉ፤ በኛ ዘንድ ግን ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ሚስትም ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ አባት፥ እናትና ልጅ በሦስት የተለያየ «ቤተ ሰብ» ተበትነው ይገኛሉ። ግራምፕስ ስሙ ከአባት የተወሰደ መሆኑን ማመልከቻ አለው፤ ዘገባው በዚህ እንዲጠቀም ማድረግ የተቀጥላው ጸሐፊ ፈንታ ነው።

ሁለተኛ፥ ዘመን ነው። በግራምፕስ አምስተኛ እትም ከተካተቱት የግሪጎርዮስ፥ የዩልዮስ፥ የዕብራውያን፥ የፈረንሳይ አብዮት፥ የፋርስ፥ የእስልምናና የስዊድን አቈጣጠሮች መካከል የኛው የለም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ማንኛውንም ቀን ለመደርደሪያ በተከታታይ የቀን ቁጥር ያስቀምጠዋል። የኛ አራት ዓመት 1461 ቀን ስለ ሆነ፥ ያንን ቁጥር በማካፈልና በመቀነስ ወደ ዓመተ ምሕረት መመለስ ጥቂት መሥመር ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፥ ፊደል ነው። ቀድሞ ጌድኮም ይጽፍበት የነበረው አንሴል የተባለው የፊደል ሠንጠረዥ ግእዝን አያውቅም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ገባ፤ በ2021 የወጣው ሰባተኛው ጌድኮም ደግሞ የዩኒኮድን አጻጻፍ ግዴታ አደረገ። ስለዚህ የአባቶችን ስም በላቲን ፊደል አዛብቶ ለመጻፍ ዛሬ ምክንያት የለም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የትውልድ ሐረግ ዘገባ ለረጅም ጊዜ የመኳንንትን ክብርና የቤተ ሰብን ስም ለመከተል የተበጀ መልክ ነበረው፤ ያ መልክ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ እንደ ነበረ ገባ። ተቀጥላ ፕሮግራም ይህን ሰበረው። በአገራችን የሽማግሌዎችን ቃል የሚመዘግብ ተማሪ እንግዲህ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ስሞቹን ሳይዘገይ በሁለቱም ወገን መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው መዝገቡ የኛን ጥያቄ እንዲመልስ ዘገባውን ራሱ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ሊቈይ ይችላል፤ የተቀጥላው መሥመሮች ነገም ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ግን አይቈይም፤ የሰባተኛውን ቤት ስም የሚያውቀው ሽማግሌ ሲያልፍ ያንን ቦታ የሚሞላ ፕሮግራም አይገኝም።