ጡረታ የወጣ ፈረስ

ሰሞኑን መንገድ ዳር የተጣለ የጋሪ ፈረስ አየሁ። ትከሻው ተልጧል። ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሸሸኝ። እጅን የሚያውቀው በዱላ ነዋ! ማን ይፈርድበታል?

ያኔ የእንግሊዝ የከሰል ጉድጓድ ድንክ ፈረሶች ትዝ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣ ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ አገደ። ደግ ሕግ ነበር። ከሰሉ ግን መጎተቱ አልቀረም። ስለዚህ ቁመቱ ቢበዛ 107 ሳንቲ ሜትር የሆነው የሼትላንድ ድንክ ፈረስ በብዛት ገባ። ልጅ ጎንበስ ብሎ ለሚያልፍበት ዋሻ ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1913 በብሪታንያ ጉድጓዶች የሚሠሩት ፈረሶች 70 ሺህ ገደማ ደርሰው ነበር። የብዙዎቹ ጋጥም እዚያው ከመሬት በታች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከኤሊንግተን ማዕድን ቀሪዎቹ አራቱ ሲወጡ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ማን ይውሰዳቸው? ሁለቱን በዮርክሻየር ያለው የከሰል ማዕድን ሙዚየም፣ ሁለቱን በኒውካስል ያለ የእንስሳት መጠለያ ተቀበሏቸው።

ከጉድጓድ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የማይሠራን፣ እጅ የሚፈራን ፍጡር ዕድሜ ልኩን ማብላት ግን ሌላ ነገር ነው። የኛው ፈረስ ልጓሙ ወልቆለታል፤ ታዲያ ነጻ ወጣ እንበል?

በማግስቱ ፉርሽካ ይዤለት ሄድኩ። አልቀረበኝም። አስቀምጬለት ዞር ስል ግን ሲበላ ሰማሁት።