በቆሎና ወባ በቡሬ፦ የባለሙያዎች የሙያ መነሻ በበሽታ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ

መግቢያ

የአንድ በሽታ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በታማሚው ቁጥርና በመድኃኒቱ ስም ነው። በበሽታው ዙሪያ የሠሩት ባለሙያዎች ከየትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደ መጡ፣ ሙያቸው ምን እንዳሳያቸውና ምን እንደ ጋረደባቸው ግን እምብዛም አይነሣም። በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢ የታየው የበቆሎና የወባ ግንኙነት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የዘር አዳቃዩ፣ የግብርና ሠራተኛው፣ የነፍሳት ተመራማሪው፣ የታሪክ ምሁሩና የጤና ባለሙያው በአንድ ማሳ ዙሪያ ተገናኝተዋልና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና በሽታው

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብለው የተቀመጡ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ አገሩ ወደ ብርና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። የደጋው ሰው ንዳድ የሚባለውን በሽታ ከቆላ ጋር አያይዞ ያውቀዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ በቆላ ማደርን ይፈራል። ይህ ጥንቃቄ በልምድ የተገኘ ዕውቀት ነበር። ወባ በአመዛኙ ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሚበረታ በሽታው ከመኸር ሥራ ጋር ይጋጫል፤ ገበሬው የሚታመመው ጉልበቱ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈለግበት ወቅት ነው።

ከፍታ ብቻውን መከላከያ እንደማይሆን ግን በ1958 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 የሚሆን ሕይወት እንዳጠፋ ተገምቷል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከፍታ በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃል።

የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች

በ1953 በጣና ዙሪያ በደንቢያ ብዙ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ያሠለጠነ ሲሆን፣ ተመራቂዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። የጤና መኮንኑ በሽተኛውን፣ ነርሷ እናትንና ሕፃንን፣ የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያው ደግሞ ምንጩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና የረጋውን ውኃ ይመለከታሉ። የኋለኛው ሙያ በሕክምናና በምህንድስና መካከል የቆመ በመሆኑ ለአገራችን የገጠር ጤና ትልቅ ባለውለታ ነው።

በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም ደግሞ ሥራው በዲዲቲ ርጭት ላይ አተኮረ። የሚረጨው የቤት ግድግዳ ስለ ነበር የባለሙያው ዓይን ያረፈው ትንኟ ደም ጠጥታ በምታርፍበት ስፍራ ነው። እጩ ውኃ ውስጥ ሳለ ምን እንደሚመገብ የሚያጠና ሰው ለጊዜው አልተፈለገም።

የዘር ባለሙያዎች

በቆሎ ወደ አገራችን ከገባ ረጅም ዘመን ቢሆነውም፣ «የባሕር ማሽላ» የሚለው የድሮ ስሙ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። በጎጃም ለብዙ ዘመን የጓሮ ተክል ነበር፤ በእሸትነቱ ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የክረምቱን ማብቂያ ረሀብ ያስታግሳል።

ሁኔታው የተለወጠው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ዲቃላ ዝርያዎችን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1988 ቢኤች 140፣ በ1993 ደግሞ ቢኤች 660 ተለቀቁ። ቢኤች 660 ቁመቱ ረጅም፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ በቂ ዝናብ ባለበት ወይና ደጋ ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ነው። በዚያው በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። የዚህ እንቅስቃሴ ዋና አማካሪ የነበሩት ኖርማን ቦርላግ መጀመሪያ በደን ሳይንስ፣ ቀጥሎም በዕፀዋት በሽታ ጥናት የተማሩና በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ከ1995 ጀምሮ መንግሥት ተመሳሳይ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሰፊው ሲዘረጋ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው መዳረስ ያዘ። ዝናብ የማይነሣው የቡሬ መሬትም በበቆሎ ተሸፈነ። የእነዚህ ባለሙያዎች ግብ ረሀብን ማስወገድ ነበር፤ በሙያቸው መለኪያም ተሳክቶላቸዋል።

ግንኙነቱ እንዴት ታወቀ?

በ1998 በቡሬ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በዚያው ዘመን በሐርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ከነፍሳት ተመራማሪው ከአንድሩ ስፒልማን ጋር የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው የማነ የዕብዮ ስለ አኖፊለስ አራቢየንሲስ እጭ ምግብ ያጠኑ ነበር። በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ የሚወድቅበት ውኃ ውስጥ ያሉ እጮች የተሻለ እንደሚያድጉ አሳዩ። በ2003 ደግሞ ውኃው ደፍርሶ እጮቹ ተጨናንቀው ሳለ እንኳ ያበበ በቆሎ በአቅራቢያቸው ካለ ዕድገታቸው እንደሚፋጠን አረጋገጡ።

አሠራሩ ለመረዳት አዳጋች አይደለም። የበቆሎ ብናኝ ከባድ በመሆኑ አብዛኛው ከተክሉ ሳይርቅ ይወድቃል። ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድና የከብት ኮቴ ያረገጠው ስፍራ ዝናብ ያቁራል። በጓሮ ያለው በቆሎ በዚያ ኩሬ ላይ ብናኙን ሲያራግፍ እጩ ከሚተኛው ሰው ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ምግብ ያገኛል።

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ታሪክ ምሁር የነበሩት ጄምስ ማካን ደግሞ ጉዳዩን ከዘመን ጋር አያያዙት። የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ስላጠኑ በቆሎ መቼና እንዴት እንደ ተስፋፋ ያውቃሉ፤ ዘግይቶ የሚያብበው ዲቃላ ብናኙን የሚያራግፈው ትንኟ በምትራባበት ወቅት መሆኑንም አመለከቱ። በ2005 አስናቀው ከበደ፣ ማካን፣ አንቶኒ ኪሼቭስኪና የማነ የዕብዮ በጋራ ባወጡት የቡሬ ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ክስተት አነስተኛ በቆሎ ካለባቸው ቦታዎች 9.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ይህ አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንድ ጥናት ተዛምዶን እንጂ ብቸኛ መንሥኤን አያሳይም። የሙቀትና የዝናብ መለዋወጥ፣ የሰዎች ዝውውር፣ የርጭቱ መቆራረጥና የመድኃኒት መላመድ በወረርሽኝ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ወባ ኃይሉን አጥቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰልፋዶክሲን ፓይሪመታሚን፣ ይህም በ2004 በአርቴሜተር ሉሜፋንትሪን መተካቱን ሐኪሞች እናስታውሳለን። ሆኖም በቆሎው በእነዚህ ላይ የሚደመር፣ ለብዙ ጊዜም ማንም ያልቆጠረው ምክንያት ነበር።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ተመሳሳይ ታሪክ በውኃ ግንባታም ታይቷል። በ1999 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በታተመ የትግራይ ጥናት፣ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ዘንድ የወባ ክስተት በ1,000 የሕፃን ወራት 14.0 ሲሆን ከግድብ ርቀው በሚኖሩት ዘንድ 1.9 ብቻ ነበር። ግድቦቹን የነደፉት መሐንዲሶች የውኃውን መጠንና የአፈሩን ጥንካሬ በትክክል አስልተዋል፤ የትንኟን በረራ ማስላት ግን የሥልጠናቸው አካል አልነበረም። በዚያው በጎጃም፣ በመርዓዊ አካባቢ፣ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተገነባውን የቆጋን መስኖ ስናስብ ይህ ትምህርት ከደጃችን መድረሱን እንገነዘባለን።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ማንም ባለሙያ በራሱ ሙያ ውስጥ እንዳልሳተ ነው። አዳቃዩ ምርትን፣ መሐንዲሱ ውኃን፣ ርጭተኛው ግድግዳን፣ ሐኪሙም ደምን ተመልክቷል። ጉድለቱ የነበረው በሙያዎቹ መካከል ባለው ክፍት ስፍራ ነው፤ በሽታውም ያደገው እዚያው ነው። ክፍተቱን የሞሉት ደግሞ ከአንድ በላይ ሙያ በአንድ ጥያቄ ላይ ያገናኙ ሰዎች ናቸው። በጎንደር የተጀመረው የቡድን ሥልጠናም በጤናው ዘርፍ ውስጥ ይህንኑ መንገድ አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር።

ለገበሬው በቆሎን ተው ማለት አይቻልም፤ እንጀራው ነውና። ይልቁንም ረጅሙን በቆሎ ከመኖሪያ ቤት አርቆ መዝራት፣ የጭቃ ጉድጓዶችን መድፈን፣ የርጭትንና የአጎበር ሥርጭትን ጊዜ ከበቆሎው ማበቢያ ጋር ማገናዘብ በአቅም ውስጥ ያሉ እርምጃዎች ናቸው። በቡሬ የተገነባው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የበቆሎን ፍላጎት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በዚያ በሚደረገው ዕቅድ ላይ የጤና ባለሙያ ከመጀመሪያው ሊቀመጥ ይገባል። እኛም በምርመራ ክፍላችን ትኩሳት ያለበትን ሰው ስንጠይቅ፣ ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን በጓሮው ምን እንደሚበቅልና ከቤቱ አጠገብ የረጋ ውኃ መኖር አለመኖሩን ብንጨምር ለበሽታ ቅኝቱ የሚጠቅም መረጃ እናገኛለን።