የመበለቷ ሲሶ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የጆርጅ ዋሽንግተን ታሪክ ነው ስላችሁ ጦርነትና ድል የሚጠብቅ ካለ ለሌላ ቀን ይቅጠረኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ውርስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1757 በቨርጂኒያ ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ የሚባል ባለርስት ሳይናዘዝ ሞተ። ከ17 ሺህ ኤከር በላይ መሬትና ወደ 300 የሚጠጉ ባሮች የነበሩት የትምባሆ ጌታ ነው። ሚስቱ ማርታ በ26 ዓመቷ ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ቀረች። ሟች ካልተናዘዘ የሚያካፍለው ሕግ ነው፤ ሕጉም ለመበለቷ ሲሶውን ሰጣት። ሰጣት ስል ግን ልብ በሉ። በሕይወት እስካለች ታሳርሰዋለች፣ ታዝበታለች፣ ምርቱን ትበላለች። መሸጥ አትችልም። ነጻ ማውጣትም አትችልም። ዓይኗን በጨፈነች ቀን ሁሉም ለከስቲስ ዘር ይመለሳል። በዚያ ሲሶ ውስጥ ደግሞ ከመሬቱ ጋር ከ80 በላይ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ላይ ሌላ ሕግ ጨምሩበት። ቨርጂኒያ ከ1662 ጀምሮ ልጅን የምትቆጥረው በእናቱ ነበር። ባርያ የወለደችው ባርያ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን አይጠየቅም። በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ግራ ይመስላል እንጂ፣ ለባለንብረቱ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጥጃው የባለላሟ ነው።

በ1759 ዋሽንግተን ማርታን አገባ፤ ሲሶውንም ማስተዳደር ያዘ። አርባ ዓመት አለፈ። የእሱ ባሮችና የሲሶው ባሮች በርስቱ በማውንት ቨርነን አብረው አረሱ፣ አብረው ታመሙ፣ ተጋቡ። አይዛክ የሚባል አናጢ ነበር፤ የዋሽንግተን። ሚስቱ ኪቲ ላም አላቢ ነበረች፤ የሲሶው። ዘጠኝ ሴቶች ልጆች ወለዱ። የማን እንደሆኑ አሁን እናንተ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1799፣ ሊሞት ስድስት ወር ሲቀረው፣ ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ ሰዎቹን መዘገበ፤ ማን የማን ባል፣ ማን የማን ሚስት እንደሆነ ሳይቀር። ጠቅላላው 317 ሆነ። 123ቱ የራሱ፣ 153ቱ የሲሶው፣ የቀሩት ከጎረቤት የተከራያቸው ነበሩ። በሐምሌ ኑዛዜውን ጻፈ፦ የእኔዎቹ ማርታ ስትሞት ነጻ ይውጡ። እኔ ስሞት ያላለበትንም ምክንያት አስፍሯል፤ ከሲሶዎቹ ጋር በጋብቻ ስለተሳሰሩ ቀድመው ቢፈቱ መለያየቱ ያሳዝናል ይላል። ወዲያው የተፈታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዓመታት ከጎኑ ያልጠፋው ዊልያም ሊ፣ በዓመት ከ30 ዶላር ጡረታ ጋር።

ኑዛዜውን የሚያወድሱት ብዙ ናቸው፤ እኔም አላጣጥለውም። የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ የጻፈው ጄፈርሰን በኑዛዜው የፈታው 5 ሰው ብቻ ነው። ግን ሰውየው ሚስቱን ምን ውስጥ እንደከተታት ተመልከቱ! ከ120 በላይ ሰው ነጻነት በእሷ ሞት ላይ ተንጠለጠለ። ምግቧን የሚያበስሉት፣ እሳቷን የሚያነዱት እነዚሁ የእሷን ሞት የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። የፕሬዚዳንት አዳምስ ሚስት አቢጌል ልትጠይቃት ሄዳ፣ ማርታ ለሕይወቷ እንደምትሰጋ ለእህቷ ጽፋለች። ማርታም ሞቷን አልጠበቀችም፤ በታኅሣሥ 1800 ፈረመች፣ በጃንዋሪ 1, 1801 ሰዎቹ ተፈቱ።

ከርኅራኄ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ኢሊሽን አነሳባችኋለሁ። ኢሊሽ የሲሶው አልነበረም፤ የማርታ የራሷ ንብረት ነበር፤ በአንድ ፊርማ ልትፈታው ትችል ነበር። በኑዛዜዋ ለልጅ ልጇ አወረሰችው።

አይዛክ ነጻ ሰው ሆነ። ኪቲና ልጆቹ ባሉበት ቀሩ። በግንቦት 1802 ማርታ አረፈች፤ ወንድ ልጇ አስቀድሞ በ1781 ሞቶ ስለነበር አራቱ የልጅ ልጆች ሲሶውን ተካፈሉ። አንዷ ዋሽንግተን ከተማ፣ ሌላዋ ጆርጅታውን፣ ሦስተኛዋ እዚያው ከማውንት ቨርነን አጠገብ ዉድሎን፣ ወንዱ ደግሞ አርሊንግተን ይኖሩ ነበር። ዛሬ ስንት ወገናችን በአውቶቡስ የሚመላለስበት አገር ነው። ባል ማውንት ቨርነን ነጻ ወጥቶ ሚስቱ በአንዱ ወራሽ ድርሻ ወንዝ ተሻገረች፤ ወላጅ ወደ አንዱ፣ ልጅ ወደ ሌላው የደረሰበትም ቤተሰብ ነበር።

አንዷን ግን ዘልያት ነበር። ኦና ጀጅ የማርታ የቅርብ አገልጋይ ነበረች፤ እናቷ የሲሶው ስለሆነች እሷም የሲሶው። በ1796 ፊላዴልፊያ ሳሉ ማርታ ለልጅ ልጇ ለኤሊዛ ልትሰጣት ማሰቧን ሰማች። ጌቶቿ እራት ሲበሉ በበሩ ወጣች፤ መርከብ ተሳፍራም ኒው ሃምፕሸር ገባች። ፕሬዚዳንቱ ዋሽንግተን ሰው ላከባት፤ ደጋግሞም ሞከረ፤ አልተመለሰችም። ነጻ ጥቁር መርከበኛ አግብታ ወለደች። የልጆቿ አባት ነጻ ሰው ነው፤ የተወለዱትም ኒው ሃምፕሸር ነው፤ በሕጉ ግን ልጅ በእናቱ ስለሚቆጠር እነሱም የሲሶው ናቸው። ኦና በ1848 ስትሞት፣ ከወጣች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በወረቀት ገና የከስቲስ ወራሾች ንብረት ነበረች።