ዴዝሞንድ ቱቱ፦ የምንዘለው ገጽ

ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱን የምናስታውሳቸው አፓርታይድን በመቃወማቸውና እ.ኤ.አ. በ1984 ባገኙት የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። ከታሪካቸው የምንዘለው ግን አንድ ገጽ አለ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ኬፕ ታውን ላይ የተባበሩት መንግሥታት ለግብረ ሰዶማውያን መብት ዘመቻ ሲጀምር፣ ቱቱ እነዚህን ሰዎች የሚጠላ አምላክ ቢኖር እንደማያመልኩት ተናገሩ። ጉዳዩ እንደ አፓርታይድ ትግል እንደሚያንገበግባቸውም አከሉ። ቆይቶ ልጃቸው ቄስ ምፖ ሴት በማግባታቸው በ2016 የአገልግሎት ፈቃዳቸውን ለመመለስ ተገደዱ።

በዚያው በ2013 መጀመሪያ የአገራችን መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጉዳይ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች።

እኛም ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብለን እናምናለን፤ በዚህ ከቱቱ ጋር አንስማማም። ጥያቄያቸው ግን አይለቀንም። እዚህ ገለምሶ አንድ ወጣት በምሽት የአገልጋይን በር አንኳኩቶ ምስጢሩን ቢናገር፣ ለጉባኤ እናወጣዋለን ወይስ አብረነው ተቀምጠን እንሰማዋለን? በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን በመጽሐፍ ቅዱስ የደገፉ አማኞች ነበሩ። ጥቅስ መያዝ ብቻውን እጅን ንጹሕ አያደርግም።

ጌታ ያችን ሴት ዳግመኛ ኃጢአት እንዳትሠራ የነገራት ከሳሾቿ ድንጋያቸውን ጥለው ከሄዱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አንርሳ። እውነትን ያለ ድንጋይ የምንይዝበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።