ደብል ሜጀር ወይስ ሁለት ዲግሪ? የጅማ ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት

ደብል ሜጀር ማለት ተማሪው በአንድ ዲግሪ ሥር ሁለት ዋና የትምህርት መስኮችን አጠናቆ መመረቅ ነው። የሁለቱም ግዴታ ኮርሶች ይወሰዳሉ፤ የጋራ የሆኑት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተወስደው ለሁለቱም ይቆጠራሉ። ሁለት ዲግሪ መያዝ ከዚህ ይለያል። በአገራችን ይበልጥ የተለመደውም ይኸኛው ነው፦ ቀን በመደበኛ አንዱን፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በራስ ክፍያ ሌላውን። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ልጁን ልኮ በቡና ገቢ የሚያስተምር ቤተሰብ ልዩነቱን ሳያጣራ ባይከፍል ይሻላል።

የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ል ተዋሕደው የመሠረቱት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ይከተላል። ተማሪዎች በቡድን ወደ ወረዳዎች ወጥተው ለሳምንታት ይሠራሉ፤ የጤና ተማሪዎችም አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ድረስ ይመደባሉ። በዚያ ሰሞን ጅማ ከተማ ውስጥ የማታ ክፍል መከታተል አይታሰብም። የቡና ለቀማውም የሚደርሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው፤ ቤት የሚረዳ ልጅ ይህንንም ያስላ።

ሌላው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ል ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል። ሁለት ዲግሪ የሚማር ለእያንዳንዱ ይፈተናል። ደብል ሜጀር የሚፈልግ ግን በየትኛው መስክ እንደሚፈተን፣ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙለትና ዲግሪው ላይ ምን እንደሚጻፍ ከትምህርት ክፍሉና ከሬጅስትራር በጽሑፍ ይጠይቅ። የቃል መልስ ይዞ አይመዝገብ።